የፊት ፀጉርህ ሲሸሽ፦ ንቅለ ተከላ ከመወሰንህ በፊት፣ ደረጃ በደረጃ

መርዶውን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ፎቶ ነው። መስታወትማ በየቀኑ ስለምታየው ያላምድሃል። አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ያነሳህን ፎቶ ትከፍታለህ። መብራቱ ግንባርህ ላይ አርፏል፤ የፀጉርህ መስመር ሁለቱ ጥግ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። «ይሄ እኔ ነኝ?» ትላለህ። ከዚያ ስልክህ ላይ አፍጥጠህ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ፎቶዎች ስታገላብጥ ታድራለህ።

እኔም አድሬያለሁ፤ ስለዚህ አልፈርድብህም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በል። ንቅለ ተከላ ፀጉር አይጨምርም፤ ያለህን ያዛውራል። ከማጅራትህ ተነቅሎ ግንባርህ ላይ ይተከላል። የተነቀለበት ቦታ መልሶ አያበቅልም። ማጅራትህ ላይ ያለው ፀጉር እንግዲህ አንዴ ተሰፍሮ የተሰጠህ ስንቅ ነው። መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው። በ28 ዓመቱ መሸሽ የጀመረ ፀጉር በ29 አይቆምም። «ግንባሬን ዛሬ እንዴት ልሙላ?» ከማለትህ በፊት «ይህን ስንቅ እስከ ሽምግልናዬ እንዴት ላብቃቃው?» ብለህ ጠይቅ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያጠነጥኑት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ መሸሹን አረጋግጥ

ግንባሩ ትንሽ የሰፋ ሁሉ በራ አይሆንም። የልጅነት የፀጉር መስመር ዝቅ ያለና ክብ ነው። ከ10ዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ወንዶች ላይ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጥግ ጥጉም ገባ ይላል። ይህ የጎልማሳ መስመር ነው። እዚያው ቆሞ ሊቀር ይችላል።

ቀላል መለኪያ አለ። ቅንድብህን ወደ ላይ አንሳ። ግንባርህ ይሸበሸባል። ከሽብሽቦቹ የላይኛውን ያዝ። የልጅነት መስመር የሚያርፈው እዚያው አካባቢ ነው። የጎልማሳው ከዚያ አንድ ጣት ያህል፣ ማለትም ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ከዚህ በጣም ካለፈ፣ ጥጎቹ ከመሃሉ ፈጥነው እየገቡ ከሆነ ወይም አናትህ ላይ ቆዳ መታየት ከጀመረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሐኪሞች የመሸሹን ደረጃ የሚጠሩት በኖርውድ መለኪያ ነው። ተመራማሪው ጄምስ ሃሚልተን የጀመረውን የቆዳ ሐኪሙ ኦታር ኖርውድ እ.ኤ.አ. በ1975 አሻሽሎ ያስፋፋው ነው። 1 ማለት ምንም ያልሸሸ ነው። 2 የጎልማሳ መስመር አካባቢ ነው። ከ3 ጀምሮ በራነት ይባላል። 7 ላይ ከጆሮ ግንድ እስከ ጆሮ ግንድ በማጅራት በኩል የዞረ ቀለበት ብቻ ይቀራል።

አሁን ስልክህን አውጣ። ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝና ከአናት አራት ፎቶ አንሳ። ቦታው፣ መብራቱና የፀጉርህ ርዝመት ሁሌም አንድ ይሁን፤ ፀጉርህም ደረቅ ይሁን። እኔ የመጀመሪያዎቹን ከሻወር እንደወጣሁ አንስቼ ራሴን በከንቱ አስደንግጫለሁ። እርጥብ ፀጉር የማንንም ቆዳ ያሳያል። በየ3 ወሩ ድገመው። ከዓመት በኋላ እጅህ ላይ ማንም ሻጭ ሊያጣምመው የማይችል ማስረጃ ይኖርሃል።

ደረጃ 2፦ ምክንያቱን እወቅ

የወንዶች በራነት አብዛኛውን ጊዜ የዘርና የሆርሞን ነገር ነው። ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ዲኤችቲ ወደሚባል ይለወጣል። በዘር የተጋለጡ የፀጉር ሥሮች ዲኤችቲ ሲያገኛቸው ይኮሰምናሉ። በእያንዳንዱ የእድገት ዙር ፀጉሩ እየሳሳና እያጠረ ይመጣል። በመጨረሻ በዓይን የማይለይ ለስላሳ ጭረት ብቻ ይቀራል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የምታየው ባዶ ቦታ ሳይሆን የሳሳ ፀጉር የሚሆነው።

«በራነት የሚመጣው ከእናትህ አባት በኩል ነው» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ግማሽ እውነት ነው። አንድ ዋና ጂን ያለው ከእናት በሚወረሰው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ሌሎች ብዙ ጂኖች ግን ከሁለቱም ወገን ይመጣሉ። ስለዚህ የእናትህን አባትም፣ የራስህን አባትም፣ አጎቶችህንም እያቸው። የወደፊት አናትህን ከእነሱ በተሻለ የሚያሳይህ የለም። «ኮፍያ በራ ያደርጋል» የሚሉትን ግን ተወው፤ የለችበትም።

ሁሉም መርገፍ ግን ይህ አይደለም። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ የጤና ነው። ከከባድ ትኩሳት፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም በአጭር ጊዜ ብዙ ክብደት ከመቀነስ በኋላ፣ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ፀጉር በብዛት ይረግፋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። የብረት እጥረትና የእንቅርት እጢ ችግርም ያሳሱታል። እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ በድንገት ከተነሳ የሰውነት መከላከያ የራሱን ፀጉር እያጠቃ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ተጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ወይም ሂውማን ሄር ደግሞ የግንባር ዳርን ይነቅላል። ቆዳው የሚያቃጥል፣ የሚያሳክክና የሚቀላ፣ ቀስ በቀስም ጠባሳ የሚያስቀር በሽታም አለ። ይህኛው ሳይቆም ፀጉር ብትተክልበት ተከላውንም ይበላዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ቆዳ ሐኪም ነው፤ ተከላ ወደሚሸጥልህ ሰው አይደለም። ሐኪሙ በአጉሊ መሣሪያ ያይሃል። አስፈላጊ ከመሰለውም የደም ምርመራ ያዝልሃል።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። የሴቶች ፀጉር ብዙ ጊዜ የሚሳሳው በጠቅላላው ነው። ማጅራቱም አብሮ ከሳሳ የሚዛወር ጠንካራ ፀጉር የለም ማለት ነው። ስለዚህ ለእነሱ ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ የቀረውን ያዝ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘላል። በኋላ የሚጸጸትበትም ይኸው ነው።

ግንባርህ ላይ 2,000 የፀጉር ሥር ተከልክ እንበል። እነዚያ ከማጅራት ስለመጡ ይቆያሉ። ከኋላቸው ያለው የራስህ ፀጉር ግን መሸሹን ይቀጥላል። ከ10 ዓመት በኋላ ፊት ለፊት አንድ ረድፍ ደን፣ ከጀርባው ሜዳ ይሆናል። ይህን በመንገድ ላይ ያየ ሰው አይረሳውም። «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በብዛት የተፈተኑ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው ሚኖክሲዲል ነው። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር። የወሰዱት ሰዎች ፀጉር ሲያወጡ ታየና ለራስ ቆዳ የሚቀባው ተሠራ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈቀደ። ስትጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉርህ ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል። ያረጀው ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነውና አትደንግጥ። ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ወር ሳትሞክረው አትፍረድበት። ቤትህ ድመት ካለ ደግሞ ተጠንቀቅ። ሚኖክሲዲል ለድመት መርዝ ነው፤ መድኃኒቱ የነካውን ትራስ እንኳ ድመቷ እንዳትልሰው።

ሁለተኛው ፊናስተራይድ ነው። እሱ ደግሞ ለፕሮስቴት እጢ እብጠት የተሠራ ነበር። በቀን 1 ሚሊግራሙ ለወንዶች በራነት እ.ኤ.አ. በ1997 ተፈቀደ። ቴስቶስቴሮን ወደ ዲኤችቲ እንዳይለወጥ ያግዳል። ብዙዎች ላይ መሸሹን ያቆማል፤ አንዳንዶች ላይ ይመልሳል። ጥቂት ሰዎች ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ የብልት መቆም ችግር ወይም የስሜት መውረድ ያመጣል። ይህን አፍረህ አትደብቅ፤ ከመጀመርህ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገርበት። የፕሮስቴት የደም ምርመራ ካደረግህም መድኃኒቱን እንደምትወስድ ተናገር፤ ውጤቱን በግማሽ ያህል ዝቅ አድርጎ ያሳያል። እርጉዝ ሴት የተሰበረውን ክኒን መንካት የለባትም።

ሁለቱም ካቆምካቸው ያቆዩልህ ፀጉር ይሄዳል። ዕዳ ነው ብትል አልከራከርህም። ቢሆንም ቀዶ ሕክምና ከማሰብህ በፊት አንድ ዓመት ሞክራቸው። ወይ ይቆምልሃል፤ ያኔ የተረጋጋ መሬት ላይ ትተክላለህ። ወይ በቂ ሆኖ ታገኘውና ተከላውን ትተወዋለህ። እኔ አሁን ያለሁት እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት ከጀመርኩ 9ኛው ወር ላይ ነኝ፤ ፎቶዎቼ ላይ መስመሩ አልተነቃነቀም። ቀዶ ሕክምናውን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ደረጃ 4፦ ስንቅህን አስቆጥር

ከማጅራት የመጣ ፀጉር ግንባር ላይ ለምን ይኖራል? ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለ የኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያሳየው ይህንኑ ነው። ፀጉር የተወሰደበትን ቦታ ባሕርይ ይዞ ይሄዳል። ማጅራት ላይ ዲኤችቲን የሚቋቋም ከሆነ ግንባር ላይም ይቋቋማል። ጃፓናዊው ሾጂ ኦኩዳ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ በቃጠሎ ፀጉራቸውን ላጡ ሰዎች ተመሳሳይ ተከላ መሥራቱን ጽፎ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሥራው ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቀረ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፀጉር አንድ በአንድ አይበቅልም። ከአንድ ቀዳዳ ከ1 እስከ 4 ሆኖ በቡድን ይወጣል። ግራፍት የሚሉት ይህንን ቡድን ነው።

እኔን ያየችኝ ሐኪም ማጅራቴ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ በመላጫ አጠረችና መሣሪያውን ለጠፈችበት። ስክሪኑ ላይ ቆዳዬ እንደ አጨዳ ማሳ ሆኖ ታየ። ጉቶ ጉቶ ነው። አንዱ ብቻውን የቆመ፣ ሌላው ሁለት ሦስት ሆኖ የተቃቀፈ። በብዕር ጫፍ እየነካች ቆጠረች። ከዚያ ወፍራሙንና ቀጭኑን ለየች። ማጅራት ላይ ቀጫጭኑ ከበዛ ስንቁ ራሱ እየተበላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ቢተከልም የተተከለው ይሳሳል። ይህን ሁሉ ለማየት 10 ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ በፊት ያናገርኳቸው ሁሉ ይህችን 10 ደቂቃ አልሰጡኝም።

ስሌቱን አብረን እንሥራ። ያልተነካ ማጅራት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ65 እስከ 85 ግራፍት ይይዛል። ሐኪም በአንድ ዙር ግንባር ላይ የሚተክለው በካሬ ሴንቲሜትር 40 አካባቢ ነው። የተፈጥሮውን ግማሽ ያህል ማለት ነው፤ ዓይን ግን ይህን እንደ ሙሉ ይቀበለዋል። የሸሸው ጥግና መስመር 45 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን 1,800 ግራፍት ይፈልጋል። ጥሩ። ግን መጨረሻህ በኖርውድ መለኪያ 7 ከሆነ ባዶው ቦታ 200 ካሬ ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። በ40 አባዛው፤ 8,000 ግራፍት። ከብዙ ሰው ማጅራት በዕድሜ ልክ በሰላም የሚነሳው ደግሞ 6,000 አካባቢ ነው። አይበቃም። ዛሬ ለግንባር 4,000 ያወጣ ሰው ነገ ለአናቱ ምን ይተርፈዋል?

ፀጉርህ ከርዳዳ ከሆነ ዕድልም ፈተናም አለህ። ዕድሉ፣ የተጠቀለለ ፀጉር ብዙ ቦታ ይሸፍናል፤ ከሉጫ በትንሽ ግራፍት ብዙ ይሠራል። የቆዳህና የፀጉርህ ቀለም ከተቀራረበም ክፍተቱ አይታይም። ፈተናው ከቆዳ ሥር ነው፤ ሥሩ እዚያም ታጥፏል። ቀጥ አድርጎ የሚበሳ እጅ ሥሩን እየቆረጠ ያወጣዋል፤ የተቆረጠ ሥር ደግሞ ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «እንደ እኔ ዓይነት ፀጉር ስንት ሰው ላይ ሠርተሃል? አሳየኝ» በለው። ቁስልህ ሲድን እየተነፋ የሚያብጥ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም ኬሎይድ ካለብህ ወይም በቤተሰብህ ካለ፣ ሳትጠየቅ ተናገር።

ደረጃ 5፦ መስመሩ የት ይቁም?

ሐኪሙ እርሳስ ይዞ ግንባርህ ላይ መስመር ሲያሰምር መስታወት ይሰጥሃል። ያኔ አፍህ የሚለው ይታወቃል፤ «ትንሽ ዝቅ አድርገው»።

አትበል። አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂ ወንድ መስመር መሃሉ ከሁለቱ ቅንድቦች መካከል ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። በ1 ሴንቲሜትር ብታወርደው ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ግራፍት ይበላል። ደግሞም የ18 ዓመት ግንባር በ50 ዓመት ፊት ላይ ያስቃል። ጥግ ጥጉ ትንሽ ገባ እንዳለ ይቅር፤ ወንድ ፊት ላይ የሚያምረው እሱ ነው።

ጥሩ መስመር ቀጥ ያለ አይደለም። ወጣ ገባ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች አንድ አንድ ፀጉር ብቻ ያላቸው ግራፍቶች ናቸው፤ ሁለትና ሦስት ያላቸው ከኋላ ይሰለፋሉ። ፀጉሩ ወደ ፊት ጋደም ብሎ ይወጣል እንጂ እንደ ብሩሽ አይቆምም። የድሮው ተከላ የአሻንጉሊት ፀጉር የመሰለው ይህ ስላልነበረ ነው። ያኔ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቆዳ ከነፀጉሩ ተነቅሎ ይተከል ነበር።

ከ25 ዓመት በታች ከሆንክ ጥንቁቅ ሐኪም «ቆይ» ይልሃል። አትቀየመው። ፀጉርህ ወዴት እንደሚሄድ ገና አልታወቀም። «ና ዛሬውኑ» የሚልህን ነው የምትፈራው።

ደረጃ 6፦ ዘዴውን ምረጥ

ስሙ ብዙ ነው፤ ዘዴው ሁለት ነው። ልዩነታቸው ከማጅራት አወጣጡ ላይ ነው።

ኤፍዩቲ በሚባለው ከማጅራት ቀጭን የቆዳ ሸርተቴ ይቆረጣል፤ ቦታው ይሰፋል፤ ሸርተቴው በማይክሮስኮፕ ሥር ወደ ግራፍት ይከፋፈላል። መስመር የመሰለ ጠባሳ ይቀራል። ፀጉርህን በጣም አሳጥረህ ካልተላጨህ አይታይም። ኤፍዩኢ በሚባለው ግራፍቱ አንድ በአንድ 1 ሚሊሜትር አካባቢ በሆነ ክብ መብሻ ይወጣል። ስፌት የለውም፤ ቶሎ ይድናል። አሁን አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ይህንን ነው። «ኤፍዩኢ ጠባሳ የለውም» የሚል ግን ዋሽቷል። ነጠብጣብ ጠባሳ አለው። ከልክ በላይ ከተነቀለም ማጅራቱ ብል የበላው ጨርቅ ይመስላል።

ሳፋየር፣ ዲኤችአይ፣ ሮቦት የሚሉት የመሣሪያና የአተካከል ስሞች ናቸው። መጥፎ አይደሉም። ግን ማረሻው አዲስ ስለሆነ ብቻ ማሳው አያፈራም፤ የያዘው እጅ ነው ወሳኙ።

ደረጃ 7፦ የሚሠራልህን ሰው መርምር

አንዴ ስም ለማልጠቅሰው ክሊኒክ የግንባሬን አንድ ፎቶ ላክሁ። በ3 ደቂቃ መልስ መጣ። «ወንድሜ፣ 4,000 ግራፍት ያስፈልግሃል። ቅናሹ እስከ አርብ ብቻ ነው።» ማጅራቴን ማንም አላየም። ዕድሜዬን ማንም አልጠየቀም። «ሐኪሙ ማን ነው?» ስል «ቡድናችን ልምድ ያለው ነው» አለኝ። ሦስቴ ጠየቅሁ፤ ሦስቴም ቡድን።

ዋናው አደጋ ይኸው ነው። አንዳንድ ቦታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ የሐኪም ነው፤ ማጅራትህን የሚበሳው ግን ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ነው። ዓለም አቀፉ የፀጉር ተከላ ሐኪሞች ማኅበር በዚህ ላይ የማስጠንቀቂያ ዘመቻ እስከ መክፈት ደርሷል። ስለዚህ እነዚህን ጥያቄዎች ጽፈህ ያዝ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል።

– ግራፍቱን የሚያወጣው ማን ነው? የሚተከልበትን ቀዳዳ የሚከፍተውስ? ሁለቱም የሐኪሙ ሥራ መሆን አለባቸው። በመትከሉ ረዳቶች ቢያግዙ የተለመደ ነው።
– በዚያ ቀን ለስንት ሰው ይተከላል? አምስት ስድስት ከሆነ ሐኪሙ አንተ ጋ አይኖርም።
– የተሰጠኝ የግራፍት ቁጥር ከየት መጣ? ማጅራቴ ተለክቷል?
– አናቴ ነገ ቢሸሽ ምን ቀርቶልኛል? ይህን ሲሰማ ፊቱን እየው።
– ችግር ቢመጣ ማንን አገኛለሁ? ሌላ አገር ሄደህ ከሆነ ይህ ጥያቄ በእጥፍ ይከብዳል።

ፎቶ ሲያሳዩህ ደግሞ በጥርጣሬ እይ። «በፊት» የሚለው ጨለማ ክፍል ውስጥ በእርጥብ ፀጉር፣ «በኋላ» የሚለው ፀሐይ ላይ ተነፍቶ ከሆነ ምንም አላሳዩህም። ፀጉሩ ወደ ኋላ ተበጥሮ መስመሩ ይታይ። ማጅራቱም ይታይ። 12 ወር የሞላው ይሁን።

በግራፍት ቁጥር የሚያስከፍል ቦታ ቁጥሩን ለማብዛት ምክንያት አለው፤ ይህን አትርሳ። ስለ ወጪ ስታስብም የዕለቱን ሒሳብ ብቻ አትይ፤ የዓመታት መድኃኒትና ምናልባትም የሁለተኛ ዙር አለ።

ደረጃ 8፦ ዝግጅትና ዕለቱ

የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የስኳርና የግፊት ታሪክህን፣ ደም ሲፈስህ ቶሎ የማይቆም ከሆነም ተናገር። አስፕሪንና ሌሎች ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች እንዲቆሙ ሊጠየቅ ይችላል፤ ግን የልብ ሐኪምህ ያዘዘልህን በራስህ ሥልጣን አታቁም። ሲጋራ ተው። የተተከለው ሥር የሚኖረው ቆዳው በሚሰጠው ደም ነው፤ ሲጋራ ደግሞ ያንን ደም ያሳንሳል። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ለብሰህ ሂድ፤ ለምን እንደሆነ ሸሚዝህን ስታወልቅ ይገባሃል።

ቀኑ ረጅም ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። ተከላው የሚሠራልህ ነቅተህ ነው። የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ነው፤ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ጥርስ ያስነክሳል። ከዚያ በኋላ አይሰማህም። መሃል ላይ ምሳ ትበላለህ፤ ብዙ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል።

ደረጃ 9፦ 10ሩ ቀን፣ ከዚያም አስቀያሚዎቹ ወራት

አንድ ጓደኛዬ ፀጉር ሲተከልለት አስታማሚው እኔ ነበርኩ። በ3ኛው ቀን ጠዋት በሩን ሲከፍት አላወቅሁትም። ግንባሩ ላይ የነበረው እብጠት ወርዶ ዓይኑ ላይ ተቀምጧል። ንብ የነደፈው ይመስላል። የተለመደ ነው፤ ለማደንዘዣ የገባው ፈሳሽ ነው፤ በጥቂት ቀን ይወርዳል። ለዚህ ሲባል የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በጀርባህ፣ ራስህን በትራስ ከፍ አድርገህ ትተኛለህ። በትራስ መፈግፈግም ያስቀራል።

የመጀመሪያውን አጠባ ብዙ ጊዜ ክሊኒኩ ያደርግልሃል ወይም ያሳይሃል። ጓደኛዬን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ለብ ያለ ውኃ በኩባያ። አረፋውን መዳፍ ላይ አዘጋጅቶ ቆዳው ላይ ማሳረፍ ብቻ፤ ማሸት የለም። ትንንሽ የደም ቅርፊቶች እንደ ሰሊጥ ተበትነዋል። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ደግሞ በየደቂቃው «ወደቀ እንዴ?» ይለኛል። ቅርፊቱ በየቀኑ እየለሰለሰ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ረገፈ። ሥሩ የሚያዘውም በዚሁ ጊዜ ነው። እስከዚያ ማከክ ክልክል ነው። ሐኪምህ እስኪፈቅድልህም ጠባብ ኮፍያ፣ ጂምና ዋና ይቅሩ፤ በተለይ በስፌት የተሠራህ ከሆነ ማጅራትህን የሚወጥር ነገር ለሳምንታት አይነካም። ፀሐይ ላይ ለወራት ተጠንቀቅ።

የሚያስደነግጠው ከዚህ በኋላ ነው። ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ የተተከለው ፀጉር ይረግፋል። አብዛኛው። ጓደኛዬ ትራሱ ላይ የወደቀውን ፎቶ እያነሳ በሌሊት ይልክልኝ ነበር። የወደቀው ግን ዘንጉ ነው፤ ሥሩ ከቆዳ ሥር ተኝቷል። ዙሪያው ያለው የራስህ ፀጉርም ከድንጋጤው ለጊዜው ሊሳሳ ይችላል። በ2ኛውና በ3ኛው ወር ከመሠራትህ በፊት ከነበርክበት ብሰህ ትታያለህ። ሰርግ ካለብህ እዚህ ወር ላይ አይዋል።

ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ወር ቀጭን ፀጉር ብቅ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ብጉር መስሎ ይወጣል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ 6ኛው ወር ላይ ግማሽ መንገድ ነህ። ሙሉው ውጤት በ12 ወር ይታያል፤ አናት ላይ ከሆነ እስከ 18 ሊዘገይ ይችላል። እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መግል፣ ትኩሳት ወይም የጠቆረ ቆዳ ካየህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ያንኑ ቀን ሂድ።

ላለመሠራት ከወሰንክ

ይህም ውሳኔ ነው። አጭር መላጨት ብዙ ሰው ላይ ያምራል፤ ደስ ካላለህ ደግሞ በሁለት ወር ይበቅላል። ተከላ እንዲህ አይመለስም። ሌላው የራስ ቆዳ ላይ በጥቃቅን ነጥብ የሚሠራ ንቅሳት ነው፤ የተላጨ ፀጉር ያስመስላል፤ በዓመታት ስለሚደበዝዝ ይታደሳል። ስለ ፀጉርህ በቀን ብዙ ጊዜ የምታስብ፣ ከሰው የምትሸሽ፣ ሌላው የማያየውን ጉድለት የምታይ ከሆነ ደግሞ ከቀዶ ሐኪም በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያ አናግር። እንዲህ ያለውን ሰው ተከላ አያስደስተውም፤ ሐኪሞቹም ያውቁታል።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛ ዙር ካማረህ

12 ወር ሳይሞላ አታንሳው። ሲሞላ ያንኑ ቦታ፣ ያንኑ መብራት ፈልግና አራቱን ፎቶ አንሳ፤ ከድሮዎቹ ጎን አስቀምጣቸው። ክፍተት ካለ ሁለት ነገር ለይ። የተተከለው ሳይበቅል ቀርቶ ነው ወይስ ከኋላው ያለው የራስህ ፀጉር ሸሽቶ ነው? የመጀመሪያው የሐኪሙ ጥያቄ ነው፤ ተመልሰህ ጠይቀው። ሁለተኛው ከሆነ መድኃኒቱን አቁመህ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። ከዚያ ወደ ደረጃ 4 ተመለስና ማጅራትህን እንደገና አስቆጥር፤ ያለፈው ዓመት ቁጥር አሁን አይሠራም።